እንሶስላ እጅን አቅልቶ ሸማን ለምን ተወው?

አንባቢዬ ሆይ፤ በሚመጣው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲስሙ ወይም ሠርግ ተጠርተው ሲሄዱ፣ እባክዎ የወይዛዝርቱን ነጠላ ልብ ብለው ይመልከቱ። ሸማው እንደ ወተት የነጣ ነው፤ ዳር ዳሩን ግን ቀይና አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ወርቅማ ጥለት ይዞረዋል። ከዚያ ዐይንዎን ጥቂት ዝቅ ያድርጉና እጃቸውን ይመልከቱ፤ ይልቁንም የሙሽራዪቱን። መዳፏና ጣቶቿ በእንሶስላ ቀልተው ያገኟቸዋል። እንግዲህ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። እጅን እንዲህ አሳምሮ ማቅላት የሚያውቅ አገር፣ ሸማውን ሳያቀላ የኖረው ስለ ምንድን ነው? እጅ ላይ የሠራው ሥር ሸማ ላይም ቢሠራ ኖሮ፣ የጥለቱን ቀይ ክር ከባሕር ማዶ ለማስመጣት ያ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ ነበር።

ይህንኑ ጥያቄ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ባቀርብላቸው፣ አብዛኞቹ «ነጭ የክብር ልብስ ስለ ሆነ ነዋ!» ሲሉ መለሱልኝ። እውነትነት አለው። ሸማን ማንጣት በአገራችን ራሱን የቻለ ሙያ ነበር፤ እንዶዱ ተወቅጦ፣ ወንዝ ተወርዶ፣ ሸማው በድንጋይ ላይ ተረግጦ፣ በመስክ ላይ ተሰጥቶ እስኪነጣ ድረስ የሚፈጀው ጉልበት ቀላል አልነበረም። ዳሩ ግን መልሱ ሙሉ አይደለም። ቀለም የማይወድ ሰው ጃኖ አይለብስም። ያ ሰፊው ቀይ ጥለት የመኳንንት ምልክት ሆኖ የኖረው ቀይ ስለሚያምር ብቻ ሳይሆን፣ ቀይ ክር እንደ ልብ የማይገኝ ነገር ስለ ነበረም ነው።

ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁና አንባቢዬ አይደናገሩ)። ስላየውና ስለ ሰማው በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ ስለ ሸማኔዎቻችን አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ሰማያዊ ማቅለም ስለማይሆንላቸው፣ ከሕንድ አገር ከሱራት የሚመጣውን ሰማያዊ ጨርቅ እየተረተሩ ክሩን ያወጡና መልሰው በገዛ ሸማቸው ውስጥ ይሸምኑት ነበር ይላል። ይህን ሥራ እስቲ በዐይነ ኅሊናዎ ይመልከቱት። አንዱ ሸማኔ ሱራት ላይ ተቀምጦ ድርና ማጉን አዋሕዶ የሠራውን ጨርቅ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በረሃ አቋርጦ፣ በበቅሎ ተጭኖ ከመጣ በኋላ፣ ሌላው ሸማኔ ክር በክር ያፈርሰዋል። ስለ ጨርቁ ግድ የለውም፤ የሚፈልገው ቀለሙን ብቻ ነው። ለአንገት ማተብ የሚሆነው ሰማያዊ ሐርም እንዲሁ የባሕር ማዶ ሸቀጥ ነበር። ስለዚህ «ነጭ ስለምንወድ ነው» የሚለውን መልስ እኔ በግማሹ ብቻ ነው የምቀበለው።

ቀሪውን ግማሽ ያገኘሁት ሐሙሲት ነው። ከባሕር ዳር ተነሥተው፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግረው በጎንደር አውራ ጐዳና ሲጓዙ፣ ወረታ ከመድረስዎ በፊት የምትገኘው የደራ ከተማ ሐሙሲት ናት። እንደ ስሟም የሐሙስ ገበያዋ ይደምቃል። ከዝንጅብሉና ከእርዱ አጠገብ፣ አፈሩ ያልተራገፈ፣ ትንንሽ ድንች የመሰለ ሥር በመደብ በመደብ ተቀምጦ ያያሉ፤ እንሶስላ ማለት እሱ ነው። ተክሉ ጥላና እርጥበት ይወዳል፤ በጅረት ዳርና በዛፍ ሥር ይበቅላል። አበባው ነጭ ሆኖ ጕሮሮው ወይን ጠጅ መልክ አለው፤ ከኋላው እንደ ጭራ ያለ ረጅም ቀጭን ነገር ይወጣለታል፤ ማታ ማታ መዓዛው ያውዳል። ፈረንሳዊው የዕፀዋት ሊቅ አሺል ሪሻር በ1847 ስለ አበሻ ዕፀዋት ባሳተመው መጽሐፍ «ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ» የሚል ስም አውጥቶለታል፤ ሁለተኛው ቃል በላቲን የማቅለሚያ ማለት ነው። ዛሬ እንግሊዞች ለአበባው ሲሉ በአጸዳቸው ይተክሉታል። ሥሩን ግን የሚነካው የለም፤ እኛ ደግሞ ለሥሩ ስንል አበባውን ልብ ብለን አይተነው አናውቅም።

ሐሙሲት የሚኖሩ አክስት አሉኝ። ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ፣ የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ በእጃቸው ያለፈች ሴት ናቸው። እንሶስላን እንዴት እንደሚያዘጋጁት ተቀምጬ አየሁ። ሥሩን ያጥቡና ይልጡታል፤ በሙቀጫ ይወቅጡታል፤ ጥቂት ሎሚ ጠብ ያደርጉበታል። ሲወቀጥ መጀመሪያ ነጣ ያለ ነው፤ አየር እየነካው በሄደ መጠን ግን መልኩ ይለወጣል። ያን ልቁጥ በመዳፍና በጣት ላይ፣ በእግርም ላይ ይለጥፉና በጉሎ ቅጠል ሸፍነው፣ በጨርቅ አስረው ያሳድሩታል። ጠዋት ሲፈታ ብርቱካን መሳይ ነው፤ በማግሥቱ ይጠቁራል፤ በሦስተኛው ቀን የደረቀ የደም ቀለም ይይዛል። የአማርኛችንን ነገር ደግሞ እዩልኝ፤ እንሶስላን «ተቀባች» አንልም፣ «ሞቀች» እንላለን። እንደ እሳት ነው፤ ወይም እንደ ፀሐይ። አንድ ሌሊት ሙሉ እጅ ታስሮ መቀመጥ፣ ዙሪያውን የሚያጫውቱ ሴቶች፣ እንቅልፍ የለሽ ወሬ፤ ይህ ሁሉ «መሞቅ» በሚለው ቃል ውስጥ አለ።

አክስቴን፣ «አንቱ፣ ይህንን በሸማ ላይ ሞክረውት ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሣቁብኝ። «ሸማማ ላይ ሲነካብን እንናደዳለን እንጂ! ደግሞም አይቆይ፤ ሁለት ጊዜ በእንዶድ ሲታጠብ ይለቃል። እጅ ግን ሦስት ሳምንት ይከርማል። ሸማ ምን ቆዳ አለው ልጄ?»

አንባቢዬ፤ የኬሚስትሪ መምህራን ይህን ነገር ለማስረዳት ሰሌዳ ሙሉ ይጽፋሉ፤ ቁም ነገሩ ግን አክስቴ ካሉት እምብዛም አይርቅም። የሐረር ሴቶች በሚጠቀሙበት በሒና ቅጠል ውስጥ ላውሶን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ከደረቅ ቅጠሉ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ያህል ቢሆን ነው። የእንሶስላ ወገን በሆኑ ዕፀዋትም ውስጥ ይኸው ላውሶንና የቅርብ ዘመዶቹ ይገኛሉ። ሁለቱ ተክሎች በዘር አይገናኙም፤ አንዱ የቆላ ቍጥቋጦ ነው፣ ሁለተኛው ጥላ የሚወድ የደጋና የወይና ደጋ ተክል፤ ቀለማቸው ግን ዘመዳም ነው። ላውሶን ኬራቲን ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ይጣበቃል፤ የላይኛው ቆዳችን፣ ጥፍራችንና ጠጉራችን ከዚሁ ኬራቲን የተሠሩ ናቸው። የበግ ጠጉርም እንዲሁ። ጥጥ ግን ሴሉሎስ ነው፤ ማለት የእንጨትና የሣር ወገን ነው። ላውሶን የሚጨብጠው እጀታ የለውም። ስለዚህ ቀለሙ በክሩ ላይ ለጥቂት ጊዜ እንደ እንግዳ ተቀምጦ፣ ውሃ ሲመጣ ተነሥቶ ይሄዳል። ሕዝባችን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥጥ ለባሽ ሆኖ፣ ዋናው የማቅለሚያ ሥሩ ግን ለጠጉርና ለቆዳ የተፈጠረ ሆኖ ተገኘ። ምናልባት መንዞች ባናቸውን በእንሶስላ ቢነክሩት ኖሮ ሌላ ታሪክ እንጽፍ ነበር።

«ታዲያ የመነኮሳቱ ቢጫ ልብስስ?» ይሉኝ ይሆናል። በጣና ደሴቶች ገዳማት፣ በዳጋ እስጢፋኖስም ሆነ በክብራን ገብርኤል፣ ቢጫ የለበሱ አባቶችን ያየ ሰው ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ያ ልብስ ወይባ ይባላል፤ በትግራይም ወይባ የሚባል ዛፍ አለ፤ ቅርፊቱ ቢጫ ያቀልማል፤ ጢሱን የሚሞቁ ሴቶች ገላ ራሱ ወርቅማ ይሆናል (እዚህም ላይ «መሞቅ» የሚለው ቃል እንደ ገና መጣልን)። ነጭ ልብስ ከጊዜ ብዛት ቢጫ ሲል «ወየበ» የምንለውም ከዚሁ ቃል ወገን ነው። የወይባ ቅርፊት በጥጥ ላይ የሚሠራው ታኒን ስለ በዛበት ነው። ታኒን ቆዳ ፋቂዎች ከዛፍ ቅርፊት የሚያገኙት ያ አፍ የሚያጨማትር ነገር ነው፤ ከሴሉሎስ ጋር ጥቂት ይስማማል። ዳሩ ግን ከዚህ መንገድ የሚገኘው ቢጫና ቡናማ ነው እንጂ ቀይና ሰማያዊ አይደለም። ለመናኝ ይበቃል፤ ለሙሽራና ለመኰንን አይበቃም።

የሱራቶቹ ምሥጢር እንግዲህ ምን ነበር? ክሩን ፈትተው ሲመረምሩት የማይገኝ ነገር ነበር። ሕንዶች ቀዩን ከሥር፣ ሰማያዊውን ከኢንዲጎ ቅጠል ያገኛሉ፤ ቀይ ሥር ግን ብቻውን በጥጥ ላይ እንደ እንሶስላችን ከንቱ ነው። እነርሱ ጥጡን አስቀድመው ሸብ በተባለው ነጭ ድንጋይ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። በሸቡ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም በአንድ እጁ ክሩን፣ በሁለተኛው እጁ ቀለሙን ይይዛል። ይህን ዓይነቱን ነገር «ቀለም አስያዥ» ልንለው እንችላለን። እጅግ ጥንታዊ ጥበብ ነው፤ በሞሄንጆ ዳሮ ፍርስራሽ ውስጥ ከብር ዕቃ ላይ ተጣብቆ የተገኘው በቀይ ሥር የተቀለመ የጥጥ ቁራጭ ከአራት ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እንግዲህ የእኛ ሸማኔ ቀለሙን በእጁ ይዞት ነበር፤ የጐደለው ሸቡ ነው። ሸብ ደግሞ በአገራችን ያልታወቀ ነገር አልነበረም። ይህ ነገር ባሰብሁት ቍጥር ያንገበግበኛል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። በ1856 የ18 ዓመቱ እንግሊዛዊ ዊልያም ፐርኪን ለወባ መድኃኒት ሲፈልግ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ወይን ጠጅ ቀለም አገኘ። በ1869 ጀርመኖች የቀዩን ሥር ቀለም በላቦራቶሪ ሠሩት፤ በ1897 ደግሞ የኢንዲጎ ተራ ደረሰና ፋብሪካቸው ሰው ሠራሹን ለገበያ አቀረበው። በ1961 በኢጣልያ የጦር ካሣ ገንዘብ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲቋቋም፣ በዓለም ላይ ፋብሪካ በዛፍ ሥር የሚያቀልምበት ዘመን ካለፈ ቆይቷል። ዛሬ በገበያ የሚሸጠው የጥለት ክር በሰው ሠራሽ ቀለም የተነከረ ነው፤ የመሶቡም አለላ በዱቄት ቀለም ተቀቅሎ የሚወጣ ነው። በዚህ አልከፋም። ሰው ሠራሹ ቀለም ርካሽና የማይለቅ ስለ ሆነ ድኻም ሰው ቀይ ለመልበስ ችሏል፤ ጃኖ የመኳንንት ብቻ መሆኑ መቅረቱ ለእኔ መልካም ነገር ነው።

የሚያስፈራኝ ልብሱ ሳይሆን ጠጉሩና ቆዳው ነው። እዚህ ላይ፣ አንባቢዬ፣ ተማሪም ይሁኑ ጸሐፊ፣ በተለይም ሽበት ቀድሞ የመጣብዎ ከሆነ፣ ጥቂት ይታገሡኝ።

ከዚሁ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ኬሚስትሪ ፓራፌኒሊን ዳያሚን የሚባል ንጥረ ነገር ተገኘ። ራሱ ቀለም የለውም ቢባል ይቀላል፤ በጠጉር ውስጥ ከአየር ወይም ከሌላ ኦክሲጅን ሰጪ ነገር ጋር ሲገናኝ ግን ይጠቁራል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ኤዤን ሹዌለር በ1907 በጀመረው የጠጉር ቀለም ላይ ነበር በኋላ ሎሬያል የተባለው ትልቅ ኩባንያ የተመሠረተው። ዛሬ በየሱቁ በትንሽ ፓኮ የሚሸጠው አብዛኛው ጥቁር የጠጉር ቀለም ይህንኑ ንጥረ ነገር የያዘ ነው። በልክና በጥንቃቄ ከሆነ ብዙ ሰው ሳይጎዳ ይጠቀምበታል። የኤውሮፓ ኅብረት ለጠጉር ሲሆን ከመቶ ሁለት እጅ እንዳይበልጥ ወስኖ ፈቅዶታል፤ ለቆዳ መቀቢያ ግን ጨርሶ አልፈቀደውም።

እኛ ዘንድ ግን «ጥቁር ሒና» እየተባለ ቆዳ ላይ ይቀባል። የእኅቴ ልጅ ካንድ ዓመት በፊት ልታገባ ስትሰናዳ፣ የአክስቴ እንሶስላ «የገጠር ነው» ተብሎ ተናቀና ከከተማ ጥቁር ሒና ተቀባች። ሐረግ የመሰለ ሥዕል በሁለቱም እጆቿ ላይ እስከ ክንዷ ተሣለላት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደርቆ እንደ ቀለም ብዕር ጠቆረ። በእውነቱ ያምር ነበር። በሁለተኛው ቀን ያሳክካት ጀመር። በሠርጓ ዋዜማ ሥዕሉ የነበረበት ሁሉ ተነፍቶ ውሃ ቋጥሮ ነበር፤ ሐረጉ ቅጠሉን ሳይስት በቍስል ተጻፈ ማለት ይቻላል። ሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄው «ጠጉርሽን ጥቁር ቀለም ተቀብተሽ ታውቂያለሽን?» የሚል ነበር። አዎን፣ በየሦስት ወሩ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰውነት ይህን ንጥረ ነገር መጀመሪያ ሲያገኘው እንደ ጠላት መዝግቦት ዝም ሊል ይችላል፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ ስም ሲመጣበት ግን ያውቀዋል። ልጅቷ በሠርጓ ቀን ነጭ የእጅ ሹራብ አጥልቃ ዋለች። ጠባሳው ዛሬም በግራ ክንዷ ላይ አለ፤ ከእንግዲህም በሕይወቷ ሙሉ የጠጉር ቀለም እንዳትነካ ታዝዛለች።

እርሷስ እጇን ነው። በጎረቤታችን በሱዳን ይህን ንጥረ ነገር ከሒና ጋር የመቀላቀል ልማድ ተስፋፍቶ፣ ፊትና ጕሮሮ እያበጠ መተንፈሻ እየዘጋ ሰው እስከ መግደል መድረሱን የካርቱም ሐኪሞች ጽፈው አስታውቀዋል። ስለዚህ ይህችን ነገር ይያዙልኝ፦ ንጹሕ ሒና ጥቁር ሆኖ አያውቅም፤ ብርቱካንማ ወይም ቀይ ቡናማ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥም አይሠራም፤ ሰዓታት ይፈልጋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢታሰር ይሻለዋል። ጠጉርን በሒናና በኢንዲጎ ቅጠል በተራ እየቀቡ ማጥቈር ይቻላል፤ ይህ የጥንት መንገድ ነው፤ ጊዜና ትዕግሥት ግን ይወስዳል። ቸኩሎ የሚጠቍር ነገር ባዩ ጊዜ «ምን ተጨመረበት?» ብለው ይጠይቁ። የግድ የሱቁን ቀለም የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ጥቂቱን በክንድዎ መታጠፊያ ላይ ነክተው ሁለት ቀን ይጠብቁ። ሁለት ቀን የማይታገሥ ሽበት የለም።

እንዲህም ስል ግን ከቅጠልና ከሥር የተገኘ ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለው አስተሳሰብ ያናድደኛል፤ ኮሶም ከዛፍ ነው፣ አብዝቶ የጠጣው ግን ዐይኑን አጥቷል። ዕፀዋትን መውደድ ሌላ፣ መመርመር ሌላ ነው። በዚህ ምክንያት ሐሙሲት በነበርሁበት ጊዜ አንዲት ትንሽ ምርመራ አደረግሁ። የአንድ አሮጌ ነጠላ ነጩን ክፍል ስምንት ቦታ ቀደድሁት። ከገበያ እንሶስላ፣ እርድና መቅመቆ ገዛሁ፤ አራተኛውን ያገኘሁት በነጻ ነው። በፎገራና በደራ ሜዳ ቀይ ሽንኩርት በመስኖ በብዛት ይመረታል፤ በገበያውም ማዕዘን ልጣጩ በነፋስ እየተገፋ ይከማቻል። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ስሰበስብ፣ ልጆች «ይህ ሰውዬ ምን ነካው?» እያሉ ይከተሉኝ ነበር። ከስምንቱ ቁራጭ አራቱን በሸብ ውሃ ዘፈዘፍሁ፤ አራቱን እንዲሁ ተውሁ። ከዚያ እያንዳንዱን ጥንድ በየቀለሙ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ቀቀልሁት፤ ለእንሶስላው ደግሞ ጥቂት የበግ ጠጉር ጨመርሁለት።

እርዱ ሲወጣ ዐይን ያጭበረብር ነበር፤ ከአራቱ ሁሉ የደመቀው እሱ ነው። ሳሙና ሲነካው ግን ወዲያው ደም መሰለ፤ ሎሚ ሲነካው ተመልሶ ቢጫ ሆነ። ከገመድ ላይ በፀሐይ በዋለ በሳምንቱ የታመመ ሰው ፊት መሰለ። መቅመቆው ደከም ያለ ቢጫ ሰጠ፤ ሸብ የነካው ከጓደኛው ይሻላል፤ ብዙ የሚባልለት ግን አልነበረም፤ እሱ ቅቤ ማቅለሙን ይቀጥል። እንሶስላው አክስቴ እንዳሉት ሆነ፤ ጥጡ ላይ የሻይ እድፍ መስሎ ቀረ፣ በእጥበትም ሄደ፤ ሸብ የነካው እንኳ ጥቂት ብቻ ዘገየ። የበጉ ጠጉር ግን! ጥልቅ ቀይ ቡናማ፣ እንደ ተወለወለ ኮርቻ ያለ። አምስት ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ ዛሬም በመጽሐፌ መካከል አለ።

የገረመኝ የሽንኩርቱ ልጣጭ ነው። ሸብ ያልነካው ቁራጭ አሸዋ የመሰለ ነበር። ሸብ የነካው ወርቅ ሆኖ ወጣ፤ ወርቅ ስል እያጋነንሁ አይደለም፣ የጥለት ወርቅማ ክር አጠገቡ ቢቀመጥ ያፍራል። ግማሹን ቀድጄ የዛገ ምስማር ባደረበት ውሃ ውስጥ ብነክረው ደግሞ የወይራ ቅጠል መልክ ያዘ። አንድ ልጣጭ፣ ሁለት ቀለም፤ ለዚያውም ከሚጣል ነገር። በእርግጥ አንድ ሙሉ ነጠላ ለማቅለም የጨርቁን ክብደት ያህል ልጣጭ ያስፈልጋል፤ ስንት ወጥ መሠራት እንዳለበት ያስቡት። ፋብሪካን በዚህ መተካት አይቻልም፤ እችላለሁ የሚለኝን ሰው አላምነውም። ለጥለት ግን፣ ለአንገት ልብስ፣ ለመሶብ አለላ ይበቃል። በፎገራ በአውራምባ ማኅበረሰብ፣ በሺሮ ሜዳ፣ በየመንደሩ ያለ ሸማኔ ልጣጭና ሸብ ለማግኘት ባሕር መሻገር የለበትም።

አክስቴ ወርቃማውን ቁራጭ ወደ ብርሃን ይዘው ብዙ አዩት። «እኔ ይህን ልጣጭ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠርግ ኖርሁ!» አሉ። ከዚያ ቀጥለው «በእንዶድስ ሲታጠብ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከእኔ ይልቅ የተመራማሪ ጠባይ ያላቸው እሳቸው ናቸው። ታጠበ፤ ጥቂት ፈዘዘ፤ አልሄደም።

እንዶድን ካነሣን ዘንድ፣ የተማሪ አንባቢዎቼ አንድ ታሪክ ቢያስታውሱ ደስ ይለኛል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ልብሱ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። ያ ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያ በሽታ አስተላላፊ መሆኑን የሚያውቁ ሰው ስለ ነበሩ፣ ሌላው አልፎት የሄደውን ነገር ቆመው ተመለከቱት። ከብዙ ዓመት ምርምር በኋላ፣ በ1989፣ ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉበት። እንዶዱ እናቶቻችን ሸማ ያነጡበት ያው እንዶድ ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት የሚሰጥበት ተቋም አለ፤ ከዚያ እስከ ሐሙሲት ገበያ አንድ ሰዓት አይሞላም። የእኔ ምስማርና ማዳበሪያ ለሳይንስ አይበቃም፤ ስንት እጥበት፣ ስንት ቀን ፀሐይ፣ ስንት ግራም ሸብ እንደሆነ በመሣሪያ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል። የበግ ጠጉር በእንሶስላ ቢነከርስ? ወይባ ከሸብ ጋር ቢገናኝስ ቢጫው ይደምቃልን? የወይባን ነገር እኔ አልሞከርሁትም፤ ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ከዚያ ስነሣ አክስቴ አንድ ጉብታ እንሶስላ ከአፈሩ ጋር በጉሎ ቅጠል ጠቅልለው ሰጡኝ። ከወንዝ ዳር ይለቅሙት የነበረው ቦታ ታርሶ፣ ዛፉም ተቆርጦ፣ ዛሬ የሚያወጡት ከገዛ ጓሯቸው ነው፤ ከውሃ ማድጋቸው በስተ ጀርባ፣ ጥላ ባለበት። «ለዚያች ልጅ ስጣት» አሉኝ፤ የእኅቴን ልጅ ማለታቸው ነው። «ክረምት ሳይገባ ትትከለው። ፀሐይ አትውደድለት። በመጀመሪያው ዓመት እንዳትነቅለው፤ ሥሩ ይወፍር። ደግሞ ስትሞቀው አስቀድማ በጣቷ ጫፍ ላይ ብቻ ትሞክረው።»

ሁለት ቅጠል አውጥቷል።